የምክር ዓምድ፦ «ኦርክ ኦርክ ካልሆነ ምን ቀረው?»

«ጤና ይስጥልኝ። ከጓደኞቼ ጋር እያንዳንዱ ሰው አንድ ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚጫወትበት የጠረጴዛ ላይ የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ (ዲ ኤንድ ዲ) ነው፤ ጌም ማስተሯ፣ ማለትም ዓለሙን ፈጥሬ ታሪኩን የምመራው፣ እኔ ነኝ። ከጀመርን ዓመት አልፎናል። ዓለሙን ስፈጥር ብዙም አልተጨነቅኩም፤ ምናባዊ ሕዝቦቹንም የጨዋታው መጽሐፍ ላይ እንዳለው ነው የወሰድኩት። ኦርኮች ይዘርፋሉ፣ ድዋርፎች ይጠጣሉ፣ ወርቅም ይወዳሉ፣ ኤልፎች ይኮራሉ፣ ጎብሊኖች ይሰርቃሉ። ማንም ቅር ብሎት አያውቅም ነበር።

በቅርቡ አንዲት አዲስ ተጫዋች ተቀላቀለችን። ይዛ የመጣችው ገጸ ባህሪ ፈዋሽ የሆነች ኦርክ ናት። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድ የቆየ ጓደኛዬ በሚጫወተው ድዋርፍ አፍ ‹ከኦርክ ጎን አልተኛም፤ ቦርሳችሁን ጠብቁ› ማለት ጀመረ። ሁሉም ይስቃል። እኔም በየከተማው በር ላይ ዘበኛ አስቆማታለሁ፤ ‹በዓለሙ እንዲህ ነው› ብዬ። ባለፈው ጨዋታው ካለቀ በኋላ ‹ልጫወት መጥቼ ሌባ አለመሆኔን ሳስረዳ ነው የማመሸው› ብላ ጻፈችልኝ። በጣም አሳፈረኝ።

እንቀይረው ብዬ ሳነሳ ያ ጓደኛዬ ተቆጣ። ‹ኦርክ ኦርክ ካልሆነ ምን ቀረው? ሁሉም ጭምብል ያደረገ ሰው ይሆናል። ጨዋታ እኮ ነው› አለ። እውነቱን ለመናገር፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል ለማለት ከበደኝ። ደግሞም ከዚህ በፊት ተጫዋቾቼ አንድ የጎብሊን ሰፈር አቃጥለዋል፤ ያኔ ጀብዱ ነበር። አሁን ዓለሙን ብቀይር ያንን ምን ላደርገው ነው? እንደ አዲስ ልጀምር? ምን ይመክሩኛል?
መሪዋ»

ውድ እህቴ፣

የዓለሙ ነገር ይደርሳል። መጀመሪያ ስለ አዲሷ ተጫዋች እናውራ።

የጻፈችልሽን ነገር እንደ ቅሬታ ብቻ አትዪው። ምሽቷ እንዴት እንዳለፈ በትክክል ነግራሻለች። ሌሎቹ በር ሰብረዋል፣ ምሥጢር ፈትተዋል፣ ከጠላት ጋር ተደራድረዋል። እሷ ግን ማንነቷን ስታስረዳ አምሽታለች። «ጨዋታ እኮ ነው» የሚለው መልስ የማያስኬደው እዚህ ላይ ነው። አዎ፣ ጨዋታ ነው። እሷም የመጣችው ለመጫወት ነው፤ ያላገኘችውም እሱኑ ነው።

በታሪካችሁ ውስጥ ጭፍን ጥላቻ አይኑር እያልኩ አይደለም። የተገፋ ሰው ታሪክ መጫወት የሚፈልግ ተጫዋች አለ፤ በደንብ ከተያዘ ደግሞ ከሚና ጨዋታ ከባድና ቆንጆ ታሪኮች አንዱ ይሆናል። ግን የሚመርጠው ያ ተጫዋች ራሱ ነው። እሷ አልመረጠችም። መርጣ የመጣችው ፈዋሽ መሆንን ነው። ከዚያም በላይ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ከተቀመጡት መካከል «የእናንተ ወገን እኮ እንዲህ ነው» የሚል ንግግር በእውነተኛው ሕይወቱ ሲሰማ የኖረ ሰው ሊኖር ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ያን ንግግር ሊያርፍ በመጣበት ምሽት ደግሞ ሊሰማው አይገባም።

ስለ ዘበኛውም ልንገርሽ፤ አትቀየሚኝ። ያ ዘበኛ አንቺ ካልተናገርሽለት አፍ የለውም። «በዓለሙ እንዲህ ነው» ስትይ ዓለሙን የሠራሽው አንቺ መሆንሽ ይረሳል። ይህን የምልሽ ለወቀሳ አይደለም። ለመቀየር የማንንም ፈቃድ እንደማትጠብቂ እንድታውቂው ነው።

«መጽሐፉ ላይ እንዳለው ወሰድኩ» ብለሻል። እስቲ መጽሐፉ ራሱ ምን ሲል እንደኖረ እንይ።

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ዲ ኤንድ ዲን እ.ኤ.አ. በ1974 ሲያወጡ፣ ሰው ያልሆኑ ገጸ ባህሪያት የእድገት ጣሪያ ነበረባቸው። ድዋርፍ ተዋጊ ከ6ኛ ደረጃ አያልፍም ነበር፤ ሰው ግን እስከፈለገው ድረስ ማደግ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1978 በታተመው የተጫዋቾች መጽሐፍ ላይ ደግሞ የትኛው ሕዝብ የትኛውን እንደሚወድ፣ የትኛውን እንደሚታገስ፣ የትኛውን እንደሚጠላ የሚያሳይ ሰንጠረዥ አለ። በድዋርፍና በግማሽ ኦርክ (ከሰውና ከኦርክ የተወለደ) መገናኛ ላይ የተቀመጠው ምልክት የጥላቻ ነው። እንግዲህ የጓደኛሽ ቀልድ የራሱ ፈጠራ እንኳ አይደለም። ድሮ በሰንጠረዥ የታተመ ነገር ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ቆይቶ እሱ ጋ ደረሰ። እሱን ስታናግሪው ይህን አስቢ፤ ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም የተናገረው።

እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ቀለል ያለ እትም ደግሞ ኤልፍ መሆን በራሱ ሙያ ነበር። ተዋጊ ልሁን ወይስ ፈዋሽ ብለሽ አትመርጪም። ኤልፍ ነሽ፣ አለቀ።

እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ሦስተኛው እትም ጣሪያውን አነሳው። በምትኩ ግን ግማሽ ኦርክ የመረጠ ተጫዋች ጉልበቱ ላይ 2 ነጥብ ይጨመርለትና የማሰብ ችሎታውና ግርማ ሞገሱ ላይ 2፣ 2 ነጥብ ይቀነስበታል። «ኦርክ ሆነህ አስማተኛ መሆን ክልክል ነው» ያለ የለም። ሆኖም አስማተኛ የሚሠራው በማሰብ ችሎታው ስለሆነ፣ ያንን የመረጠ ሰው ገና ዳይስ ሳይወረውር ከጓደኞቹ ኋላ ቀርቷል። ለእኔ ከጥላቻው ሰንጠረዥ ይልቅ ይሄኛው የከፋ ነው። «ኦርክ ደደብ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ ትከራከሪዋለሽ። ወረቀትሽ ላይ ከተቀነሰ ነጥብ ጋር ግን ምን ብለሽ ትከራከሪያለሽ?

የክፉው ኦርክ ምስል ከጨዋታውም በፊት የነበረ ነው። ኦርክን ዛሬ በምናውቀው መልኩ ያስተዋወቀው ጸሐፊ ጄ. አር. አር. ቶልኪን፣ እ.ኤ.አ. በ1958 በጻፈው አንድ ደብዳቤ የኦርኮችን መልክ ሲገልጽ በምድር ላይ ያሉትን የሞንጎል ሕዝቦች ገጽታ በማንቋሸሽ ጠቅሶ ነበር። ያው ሰው ደግሞ በኋለኛው ዕድሜው አንድ ጥያቄ ሰላም ነስቶት ነበር፤ የሚያስብና የሚናገር ፍጡር ከነዘሩ ለክፋት ብቻ ሊፈጠር ይችላል ወይ የሚል። ጥርት ያለ መልስ ሳያገኝለት ነው ያለፈው። ስለዚህ ጓደኛሽ «ይሄ የዘመኑ ሰዎች ያመጡት ጣጣ ነው» ቢልሽ፣ ጥያቄው በዕድሜ ከጨዋታውም እንደሚበልጥ ንገሪው።

አዘጋጆቹም ቢሆኑ ዝም ብለው አልቀሩም። ፓዝፋይንደር የተባለው ሌላ የሚና ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2019 ሁለተኛ እትሙን ሲያወጣ የገጸ ባህሪን የትውልድ ሐረግና ያደገበትን የኑሮ መነሻ ለይቶ አስቀመጠ። የዲ ኤንድ ዲ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2020 ኦርኮችንና ድራው የሚባሉትን ጥቁር ኤልፎች እንደማንኛውም ሕዝብ የተወሳሰበ ባህልና ሞራል ያላቸው አድርጎ እንደሚያቀርብ በይፋ ተናገረ። ቀደም ሲል በአንድ መጽሐፍ ላይ የኦርክን የማሰብ ችሎታ ይቀንስ የነበረውን ሕግም በዚያው ዓመት አነሳው። እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው የተጫዋቾች መጽሐፍ ደግሞ የችሎታ ጭማሪው ከትውልድ ተነቅሎ ገጸ ባህሪው ወደ ጀብዱ ከመውጣቱ በፊት ይኖረው ከነበረው ሕይወት ጋር ተያይዟል። ገበሬ ነበረ? ጸሐፊ ነበረ? ወታደር ነበረ? ጭማሪውን የሚወስነው ያ ነው። ምናልባት አንቺ ይዘሽ የምትመሪው የቆየውን እትም ይሆናል። ከሆነ ይቺን አንዷን ለውጥ ብቻ ዛሬውኑ ውሰጃት። ሌላው ሕግ አይናጋም።

ነገር ግን ሕጉን ማስተካከል ብቻውን እንደማይበቃ የሚያሳይ ነገር በመካከሉ ተፈጥሯል። ያው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ሃዶዚ የሚባሉ ዝንጀሮ መሰል ሕዝቦች ያሉበት መጽሐፍ አወጣ። የኋላ ታሪካቸው እንዲህ ይላል፦ አንድ አስማተኛ ይዟቸው፣ በመድኃኒት ለውጧቸው፣ ለባርነት ሊሸጣቸው ሲያስብ ነጻ ወጡ። አንባቢዎች ወዲያው ጮኹ። ጥቁር ሕዝቦች ላይ ሲወርድ የኖረውን ስድብ ቁልጭ አድርጎ ስለሚደግም ነው። አሳታሚው ይቅርታ ጠይቆ ጽሑፉን አስወጣው። ይህ የሆነው ነገሩ ላይ እንሠራለን ካሉ ከ2 ዓመት በኋላ መሆኑን ልብ በዪ። ቁጥሩ ተስተካክሎም ታሪኩ በድሮው መንገድ ሊጻፍ ይችላል። ታሪኩን በየሳምንቱ የምትጽፊው ደግሞ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ጓደኛሽ ጥያቄ። ኦርክ ኦርክ ካልሆነ ምን ቀረው?

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ስላላጣጣልሽው ደስ ብሎኛል። እኔም ልዩነት ሁሉ ይጥፋ ከሚሉት ጋር አልስማማም። ሁሉም አንድ ዓይነት ከሆነ ምናባዊ ዓለም መፍጠሩ ለምን አስፈለገ? ግን እስቲ አሁን ያለውን ዓለምሽን እዪው። ኦርክ ይዘርፋል። ሰውስ አይዘርፍም? ድዋርፍ ይጠጣል። ሰውስ? ኤልፍ ይኮራል፣ ጎብሊን ይሰርቃል። እዚህ ውስጥ አንድም እንግዳ ነገር የለም። ከሰው ባህሪ አንዷ ተመዝዛ ለአንድ ሕዝብ በሙሉ ታድላለች፣ ከዚያ አረንጓዴ ቆዳ ወይም ረጅም ጢም ይጨመርባታል። ጓደኛሽ የሚፈራው ጭምብል ያደረገ ሰው እኮ ይሄው ነው። ዓመት ሙሉ ሲጫወት የኖረው እሱን ነው።

እውነተኛው ልዩነት ያለው ሰውነታቸው ላይ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በቁም ነገር አይነካውም። እስቲ አብረን እናስበው።

በዲ ኤንድ ዲ ሕግ ድዋርፍ በጨለማ ያያል። በጨለማ ውስጥ ግን ቀለም አይለይም፤ የሚታየው ሁሉ ግራጫ ነው። ይቺ አንድ መስመር ሕግ ናት፤ አብዛኛው ሰው አንብቦ ያልፋታል። አሁን ከምድር በታች ያለ፣ መብራት የማያስፈልገው ከተማ በዓይነ ሕሊናሽ ሳዪ። ግድግዳው በቀለም አይቀባም፤ ይቀረጻል። ጨርቅ ሲገዙ በእጃቸው እየዳሰሱ ሽመናውን ነው የሚመርጡት። የሐዘን ልብስ የሚለየው በቀለም ሊሆን አይችልም፤ ምናልባት በስፌቱ ይሆናል። ወርቅስ? ወርቅም በጨለማ ግራጫ ነው። ታዲያ ድዋርፍ ወርቅ የሚወድ ከሆነ ስለሚያብረቀርቅ አይደለም። ስለማይዝግ ይሆናል፤ የሞተ ሰው ስም ቢቀረጽበት ሺህ ዓመት ይቆያል። ወይም ስለሚከብድ፣ ሚዛን ላይ ስለማይዋሽ። ከዚያ ደግሞ አንዲት ድዋርፍ ትኖራለች፤ አያቷ ትለብሰው የነበረው ቀሚስ ቀይ እንደሆነ ስለተነገራት፣ ቀዩን ለማየት ብላ በየማታው ፋኖስ የምታበራ። ጎረቤቶቿ «ዘይት አባካኝ» ይሏታል፤ ጭሱም ይረብሻቸዋል። እሷ ደግሞ «ቀለም ሳታዩ ሞታችሁ» ትላቸዋለች። እዪ፤ መጠጥ ሳናነሳ ሁለት ወገን ድዋርፎች ተጣሉ። አንዱም ሰው አይመስልም፣ አንዱም ደግሞ ሌላውን አይመስልም።

ኤልፍን እንይ። 750 ዓመት መኖር ትችላለች። ከአንድ የሰው ንጉሥ ጋር የድንበር ስምምነት ትፈራረማለች። የንጉሡ ልጅ ነገሠ፣ የልጅ ልጁ ነገሠ፣ ከስንት ትውልድ በኋላ አንዱ መጥቶ «የምን ስምምነት?» አላት። ለእሱ የጥንት ታሪክ ነው። እሷ ግን የሟቹን ቃል በጆሮዋ ሰምታለች፤ ድምፁ ትዝ ይላታል። ስትቆጣ ሲያያት ኩራት ይመስለዋል። በዚያው ከተማ ደግሞ ሌላ ኤልፍ አለ፤ «እኛ ቂም መያዝ የለብንም፤ ቂማችን ከባለቤቱ በላይ ዕድሜ አለው» የሚል። ሁለቱም ኤልፎች ናቸው፤ ያጣላቸውም ኤልፍ መሆናቸው ነው።

አሁን ወደ አዲሷ ተጫዋች ኦርክ። በሕጉ ኦርክ የሕይወት ነጥቡ ዜሮ ሲደርስ አይወድቅም። በ1 ነጥብ ይቆማል። ረጅም ዕረፍት እስኪያደርግ ድረስ ግን ይህ የሚሠራው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ይህንን ሲያነብ «አይ ጉልበት!» ይላል። እኔ ሳነበው ፈዋሽ ነው የሚታየኝ። አስቢው፤ የቆሰለ ሰዋቸው እየሞተ መሆኑን ሰውነቱ አይናገርም። ቆሞ ይሄዳል፣ ይሠራል፣ ልጁን ያቅፋል። ሁለተኛው ምት ወይም ያላዩት መድማት ይገድለዋል። እንዲህ ያለ ሕዝብ የቆመ ሰው አይቶ «ተቀመጥ፣ አንተ እየሞትክ ነው» የሚል ባለሙያ ያስፈልገዋል። ዓይን አይቶ፣ ትንፋሽ ሰምቶ የሚያውቅ። በኦርኮች ዘንድ ከጦረኛው በላይ የሚከበረው፣ አለቃን ሳይቀር የሚያስቀምጠው ፈዋሽ ቢሆን ምን ይገርማል? ከእነሱም መካከል ፈዋሽን የማይወድ ይኖራል። «ቆሜ ልሙት፤ ማን ተቀመጥ ይለኛል?» የሚል ሽማግሌ አለ። ይሄ የእነሱ ጠብ ነው፤ የኦርክ ጠብ ነው። አዲሷ ተጫዋችሽ በዚህ ዓለም ውስጥ ራሷን ማስረዳት አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት ከሁለቱ ወገን የቱ ልክ እንደሆነ መወሰን ብቻ ነው።

እንግዲህ ምክሬ በአጭሩ ይሄ ነው። አንድን ሕዝብ ስትፈጥሪ «ምን ዓይነት ናቸው?» ብለሽ አትነሺ። «እርስ በርሳቸው የሚጣሉት በምንድን ነው?» ብለሽ ተነሺ። የመጀመሪያው ጥያቄ የሚያመጣልሽ ቅጽል ብቻ ነው፦ ጨካኝ፣ ስግብግብ፣ ጥበበኛ። ሁለተኛው ሰዎችን ያመጣልሻል። ጥበበኛ የሚለውን አውቄ ነው የጨመርኩት። ጥሩ ፍረጃም ፍረጃ ነው። ኤልፍ ሁሉ ጥበበኛ ከሆነ ሞኝ ኤልፍ፣ ግራ የተጋባ ኤልፍ መጫወት የሚፈልግ ሰው በሩ ተዘግቶበታል።

አይሠራም ለሚል ሰው ደግሞ ምሳሌ አለ። በኪት ቤከር የተፈጠረው ኤበሮን የተባለው የዲ ኤንድ ዲ ዓለም ከወጣ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። እዚያ ዓለምን ከሌላ ዓለም ከመጡ ጭራቆች የሚጠብቀውን ጥንታዊ ሥርዓት የያዙት ኦርኮች ናቸው። ጎብሊኖች የወደቀ ታላቅ መንግሥት ወራሾች ናቸው፤ ከተሞቻቸው ላይ ነው ሌሎች የሠሩት። ሃፍሊንግ የሚባሉት ትናንሽ ሕዝቦች በሜዳ ላይ ዳይኖሰር ይጋልባሉ። ተጫዋቾች ይህን ዓለም «ኦርኩ ኦርክ አይደለም» ብለው አልጣሉትም፤ እስከ ዛሬ ይጫወቱበታል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ቶሎ የምትወድቂበት ይመስለኛልና ላስጠንቅቅሽ። አዲሷን ተጫዋች ለማስደሰት ብለሽ ልዩ እንዳታደርጊያት። «እሷ እንደ ሌሎቹ ኦርኮች አይደለችም» የሚል ንጉሥ አምጥተሽ እንዳታስመሰግኛት። ደግ ነገር ይመስላል፤ ግን ሌሎቹን ሁሉ በአንድ አፍ ሌባ አደረግሻቸው። እሷም ምስጋናውን ለማቆየት ዕድሜ ልኳን ወገኖቿን መራቅ ሊኖርባት ነው። ከዚያ ይልቅ የእሷን ዓይነት ሌሎች ኦርኮች አምጪ። ጠያፍ ቀልድ የሚቀልድ ኦርክ ጸሐፊ። ሒሳብ የማይሳሳት፣ ግን ደሞዝ የሚያዘገይ ኦርክ ነጋዴ። ከፈዋሽነት ትምህርት ያባረራት፣ አሁንም የሚቀናባት የድሮ አስተማሪዋ። ሦስት ኦርኮች በአንድ ምሽት ቢታዩና ሦስቱም የተለያየ ነገር ቢፈልጉ፣ ያለ ምንም ንግግር ዓለሙ ተቀየረ ማለት ነው።

ታዲያ ማንን እንዋጋ? ይህን ጥያቄ እንደሚያነሱብሽ እርግጠኛ ነኝ። መልሱ ቀላል ነው። የሚዋጉት ሰው ለሚያደርገው ነገር ይዋጉት። ድልድዩን ይዞ ቀረጥ የሚያስከፍል ሽፍታ ቡድን ውስጥ ሰውም ኦርክም ኤልፍም ይኑር። ኦርክ ጨካኝ አለቃም ይኑርሽ፤ ምንም ችግር የለበትም፤ የሚቃወሙት ኦርኮች እስካሉ ድረስ። ጠላትሽ የሚፈልገውን ነገር ስታውቂ ጦርነቱ ይጣፍጣል። ተጫዋቾችም ዳይስ ከመወርወራቸው በፊት ሊያወሩት፣ ሊያታልሉት፣ ሊገዙት ይችላሉ። የማያስብ ነገር መምታት ብቻ የሚያምራቸው ምሽት ካለ ደግሞ የሚራመድ አፅም፣ የተቆጣ አውሬ፣ የሚበላ ጭቃ ሞልቷል።

የተቃጠለው የጎብሊን ሰፈር ከሁሉም የከበደሽ ይመስለኛል። እንደ አዲስ አትጀምሪ። ዓመት ሙሉ አብራችሁ የሠራችሁት ታሪክ ነው፤ አይጣልም። አልሆነምም አትበዪ። ሆኗል።

ግን አንድ ነገር በጣም ተጠንቀቂ። ዓለሙን ቀይረሽ በሚቀጥለው ሳምንት የሞቱትን ጎብሊኖች ልጆች እያለቀሱ እንዳታመጪባቸው። ተጫዋቾቹ ያንን ያደረጉት አንቺ «ጎብሊኖች ክፉ ናቸው» ስላልሻቸው ነው። በጠረጴዛው ላይ የሚያምኑት ዓይንና ጆሮ ያንቺ ነው፤ ሌላ የላቸውም። አምነውሽ ያደረጉትን ኋላ ዞረሽ ብትከሻቸው በደል ነው። ከዚያ በኋላ የምትነግሪያቸውን ማንም አያምንም።

መጀመሪያ ከጨዋታው ውጭ ተናገሪ። በግልጽ፣ በራስሽ ድምፅ። «ጎብሊኖችን ያቀረብኩበት መንገድ አሁን አይጥመኝም። ከዚህ በኋላ እንደ ሕዝብ ነው የማቀርባቸው። ያለፈው በታሪካችን ውስጥ ይኑር ወይስ እንተወው?» በያቸው። እንተወው ካሉ ይተው። ይኑር ካሉ ግን የሚያምር በር ተከፈተልሽ። እስካሁን ስለ ጎብሊኖች የሰማችሁት ሁሉ መንደሩ ውስጥ የሚነገር ወሬ ነበር። ወሬውን ያወራው ማን ነው? ሰፈሩ ሲቃጠል መሬቱን የወሰደው ማን ነው? ተጫዋቾችሽ መጠቀሚያ ሆነው እንደነበር በራሳቸው ምርመራ ቢደርሱበት፣ ንዴታቸው የሚሄደው ወዳታለላቸው ሰው ነው። ከተረፉት ጎብሊኖች ጋር የሚገናኙበትን ጊዜም እነሱ ይምረጡት። ካሳ መክፈል ቢፈልጉ ይክፈሉ፤ ይቅርታው ግን በእጃቸው እንዳልሆነ አሳያቸው። ጎብሊኖቹም እርስ በርስ ይለያያሉ፤ አንዷ ትደራደራለች፣ አንዱ ስማቸውን መስማት አይፈልግም።

ጓደኛሽን ለብቻው አናግሪው እንጂ በሰው ፊት አታርሚው። የሚያስፈራው ጨዋታው እንዳይወሰድበት ነው፤ ድዋርፉን ይወደዋል። ስለዚህ ድዋርፉን አትንኪበት፤ ጨምሪለት። «ድዋርፍህ ኦርክ የሚጠላ ከሆነ ምን ደርሶበት ነው? ከየትኛው ኦርክ ጋር? ያ ኦርክ ስም አለው?» ብለሽ ጠይቂው። ስም ካለው ጥሩ፣ የግል ጠላት አገኘሽ፤ ታሪክ ይሆናል፤ ፈዋሿንም አይነካም። ስም ከሌለው እሱ ራሱ ቀልዱ ባዶ መሆኑን ያየዋል። ግራጫውን ወርቅና ፋኖሷንም ንገሪው። ድዋርፉ በየትኛው ወገን ነው? እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚና ጨዋታ የሚወድ ሰው እምቢ የሚለው አይመስለኝም። ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኔ ግን ቀልዴን አልተውም» ካለ፣ ያኔ እንደ ጌም ማስተር ሳይሆን እንደ ጓደኛ ቁርጥ አድርገሽ ንገሪው፦ «እሷ እዚህ ጠረጴዛ ላይ እንድትደሰት እፈልጋለሁ፤ ይሄ ቀልድ ይቁም።» ለዚህ ምንም የዓለም ግንባታ አያስፈልግም።

ሁሉም በአንድ ምሽት እንዲለወጥ አትጠብቂ፤ አንድ ከተማ፣ አንድ ሕዝብ እያልሽ ሂጂ። ከመጪው ጨዋታ በፊት ግን ሁለት ነገር አድርጊ። ጠረጴዛው ላይ ኤክስ ካርድ አስቀምጪ፤ ኤክስ የተጻፈበት ወረቀት ብቻ ነው። የማይመቸው ነገር ሲመጣ ማንም ሰው ይነካዋል፤ ያ ነገር ይታለፋል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። ለእሷ ብቻ እንዳይመስል ለሁሉም አስረጂ።

ከዚያ ለአዲሷ ተጫዋች ዛሬውኑ ጻፊላት፤ ነገሩን በልቧ ይዛ ሳምንት አትቆይ። ልክ ነሽ በያት፤ ዘበኛው ከእንግዲህ እንደማያስቆማት ንገሪያት። ኦርኮች የሚጣሉበትን ነገር አብራሽ እንድትፈጥር ጠይቂያት፤ ፈቃደኛ ከሆነች ብቻ፤ የማስተማር ሸክም አትጫኝባት። እሷ ፈዋሽ መጫወት ነው የፈለገችው። በመጪው ጨዋታ ገና ሲጀመር የሚታከም ሰው አምጪላት።